ደጋ ላይ፣ ቤት ተቀምጦ መሥራት

ኅዳር ገባ። እንግዲህ እስከ ጥር ድረስ ማለዳው የውርጭ ነው። ደጅ ያደረ ባልዲ ውሃው ላይ ስስ በረዶ ይይዛል፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታዋ ግን 2800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዷ አይጣል ነው። እኔ ደግሞ ውሎዬም ሥራዬም ቤት ውስጥ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት አዲስ አበባ ነው ያለው። ደረሰኙ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይመጣልኛል፤ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ እመዘግባለሁ፤ ወር ሲያልቅ ፔይሮሉን (የደመወዝ ዝርዝሩን)፣ ቫቱን፣ የባንክ ማስታረቂያውን (የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከሪያውን) ሠርቼ እልካለሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ ሰሞን ነው ላፕቶፓችንን ይዘን ከቤት እንድንሠራ የተነገረን። ሌሎቹ ቆይተው ቢሮ ተመለሱ። እኔ የእናቴ ጤና ነገር ስላሳሰበኝ እዚሁ ቀረሁ። አለቃዬም ሥራው በጊዜው እስከደረሰ ድረስ ብለው ተስማሙ። እግዜር ይስጣቸው።

ከቤት ስለመሥራት የሚመከረውን ሳነብ አብዛኛው ስለ ሰዓት አጠቃቀም ነው። ዕቅድ አውጡ፣ ስልካችሁን አርቁ ይላል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሰውነት ይመስለኛል። ጣት ከደነዘዘ 6 የነበረው 9 ሆኖ ይገባል። ወገብ ከታመመ ሐሳብ አይሰበሰብም። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ሂሳብ ደግሞ ተመልሶ መሠራቱ አይቀርም። ስለዚህ ለጤናዬ የማውለውን ጊዜ ከሥራዬ ላይ እንደቀነስኩት አልቆጥረውም።

የመጀመሪያው ፈተና አልጋ ነው። ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ብርድ ልብስ እዚህ ክብር አለው። ማለዳ ላፕቶፑን ጭን ላይ አድርጎ ከውስጡ ሳይወጡ መጀመር በጣም ያጓጓል። እኔ ግን አልጋዬ ለእንቅልፍ ብቻ ነው። አልጋ ላይ ሲሠራ አንገትና ወገብ ይጎብጣል። ማታም እዚያው ሲተኛ ሐሳብ ከደረሰኙ አይላቀቅም። ስለዚህ ተነሥቼ ፊቴን በሙቅ ውሃ እታጠባለሁ፣ ከቤት እንደሚወጣ ሰው እለብሳለሁ። ካልሲ በላይ በላይ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ የአባቴ የመንዝ በርኖስ። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ኪቦርድ ሲመታ ከትከሻ ይንሸራተታል። በርኖሱ በበግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ ትከሻ ላይ ቁጭ ይላል፣ እጅም ነጻ ይሆናል።

ወንበሬ ላይ አጎዛ አንጥፌበታለሁ። ወለሉ ሊሾ ስለሆነ ቅዝቃዜው ከታች ነው የሚመጣው፤ እግሬን በርጩማ ላይ አሳርፋለሁ። ላፕቶፑን የእንጨት ሣጥን ላይ ከፍ አድርጌ ስክሪኑን ከዓይኔ ጋር አስተካክዬዋለሁ፣ ኪቦርዱ ለብቻው ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀኝም። የገዛሁት ኪቦርዱን ብቻ ነው።

ስለ ከሰል ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። የነፍስ ጉዳይ ነው።

ደጋ ላይ ቤት የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ በከሰል ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ የሚውል ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ፣ ምድጃውን እግሩ ሥር አድርጎ መሥራት ይቀናዋል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሰው ታዲያ «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል፣ አሁን ይግባ» ይላል። ጭስ የሌለው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይገባና ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። የመያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ቦታውን አይለቅም። ከዚያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል።

እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ስክሪን ላይ አፍጥጦ የዋለ ሰው ራሱን ሲያመው ከድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። «ትንሽ ጋደም ልበል» ይላል፤ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ምድጃ አጠገብ። ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ ሳይሰማ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ እኛ ቤት ሕጉ ጥብቅ ነው። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ቡና ሲፈላ ብቻ ይገባል፤ ያኔም በሩም መስኮቱም ገርበብ ይላል። የሥራ ክፍሌ ጨርሶ አይገባም። ሌሊትማ በፍጹም። እናቴ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላትም ነበር።

«ልጄ፣ እኛ በዚሁ አይደል እንዴ ያደግነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ያኔ ቤቱ ሣር ክዳን ነበር፣ በየት በየቱ ነፋስ ይገባል። አሁን ኮርኒስ አለው፣ መስኮቱም መስታወት ነው። አየሩ በየት ይውጣ?»

ዝም ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ምድጃውን ራሷ ወደ በረንዳ አወጣችው። አሁን ጎረቤት ሁሉ የምትመክረው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ እሱን ጨበጥ አደርግና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ስለ ሙቀት ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤታችን ጋሼ «አንድ መለኪያ ብትቀምሺበት እኮ ብርዱ ይለቅሽ ነበር» ይሉኛል። የደብረ ብርሃን አረቄ መቼም የታወቀ ነው። ግን አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሞቀን ይመስለናል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ይበልጥ ያጣል። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፣ መለኪያውን ግን በሻይ እመልሳለሁ።

ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያህል የለም። አንድ እሽግ ደረሰኝ ስጨርስ እነሣለሁ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አሰጣለሁ፣ ግቢውን ዞር ዞር እላለሁ። ለሰዓት ደወል አልሞላም፤ ሥራው ራሱ ማረፊያ አለውና እዚያ ላይ እቆማለሁ። ለዓይን ደግሞ የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነገር አለ፦ በየ20 ደቂቃው፣ 6 ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነገር ላይ፣ ለ20 ሰከንድ ማየት። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ አለ። ዓይኔን የማሳርፈው እሱ ላይ ነው።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። ማለዳ የቀጣችን ከተማ ረፋድ ላይ ትክሰናለች። ሻዬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ። ከፍታው ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ስለምታቃጥል ራሴን በነጠላ እሸፍናለሁ። በዚያች ቅጽበት ስልክ አላይም።

ከሥራ በኋላ ደግሞ ወደ በሬሳ ወንዝ እወርዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ትንሹ ልክ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በሬሳ ደርሶ መመለስ ይህን በደንብ ይሸፍናል፤ ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ ትንፋሽም ይፈትናል። አሁን ገብሱ እየታጨደ ነው። ማሳው ላይ ነዶ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች «እንደምን ዋልሽ» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ለዋለ ሰው ይህች ሰላምታ ቀላል አይደለችም። ይህን ውሃ ጀማ፣ ጀማን ደግሞ ዓባይ ይቀበለዋል፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ አእምሮዬ ከጠረጴዛው ይርቃል።

ምግብ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ብስኩቱ ቀርቶ ቆሎ ገብቷል። ጠዋት የአጃ ገንፎ ወይም በሶ እበላለሁ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከባዱን ሥራ፣ በተለይ ባንክ ማስታረቁን፣ ጠዋት አእምሮ ትኩስ እያለ እጨርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ምዝገባ ብቻ ነው። በብርድ ጊዜ ሰው ውሃ መጠጣት ይረሳል፤ ጾም ባልሆነ ሰዓት የሞቀ ውሃ በፔርሙዝ አጠገቤ ይቀመጣል።

ከሰው ጋር ያለው ነገር ግን ረቀቅ ይላል። ቤት ያለ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። «ቤት ናት፣ ትላክ»፣ «ቤት ናት፣ ትጠራ» ይባላል። እናቴም «ተቀምጠሽ ምን ይደክምሻል?» ትለኝ ነበር፣ በቅንነት። አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ ደረሰኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የት የት እንደሚገባ አሳየኋት። ቁጥሩ አንዴ ቢሳሳት የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚዛባ ነገርኳት። «ለካ የሰው እንጀራ ነው የያዝሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬ በሩ እጀታ ላይ ከተንጠለጠለ ማንም አያንኳኳም። የምትጠብቅልኝ እናቴ ናት፤ «ሥራ ላይ ናት፣ በ9 ሰዓት ኑ» ትላለች።

በ9 ሰዓት ቡና አለ። አንዳንዱ ጓደኛዬ «ቡናማ ጊዜ ይበላል፣ ተይው» ይለኛል። አልተውም። ቢሮ ብሆን ኮሪደር ላይ የማገኘው ሰው፣ ሳቁ፣ «ዛሬ ደክሞሻል ወይ» የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚህ ያለው ቡናው ላይ ነው። ሥራ የበዛ ቀን አቦሉን ጠጥቼ ይቅርታ ጠይቄ እነሣለሁ። ቅዳሜ ግን እስከ በረካው ድረስ እቀመጣለሁ፣ ምርቃቱን ተቀብዬ ነው የምነሣው። ለቅሶ ሲሆንማ ላፕቶፑ ይዘጋል። ለድርጅቴም ይህንኑ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርቶ የሚተርፍ ሰዓት ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም።

አሁን ያልተፈታልኝ ማታው ነው። ቢሮ ሲሠራ በ11 ሰዓት ተኩል ሰርቪሱ ይነሣል፣ ሰው ወደደም ጠላም ሥራው ያበቃል። ቤት ግን ቀኑን የሚዘጋልን ሰው የለም። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ይጮኻል፤ «ይቺን ብቻ» የሚል ደረሰኝ ይመጣል። ይቺ ብቻ የምትባለው ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ነው የገደበው። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍትም ደንግጓል። ሰው ቤቱ ስለሚሠራ ይህ አይቀርበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ እንደሚጨምር ያሳያል። እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት። ስትሮክ የሚለው ቃል እኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ትናንት ለአለቃዬ ጻፍኩላቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚላክልኝን በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደማየው፣ በእርግጥ አስቸኳይ ከሆነ ግን እንዲደውሉልኝ ጠየቅኩ። ወዲያው ደወሉ። «ሰኔ ላይ እንዴት ልንሆን ነው ታዲያ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሥራው ፋታ አይሰጥም፤ ለዚያ ሰሞን የትርፍ ሰዓት ስምምነት ለብቻው እንጻፍ አልኳቸው። ከተቀሩት ባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረው ሰኞ መልስ እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል። ሁለት ባልደረቦቼም የእኔኑ ጥያቄ ጽፈው ልከውላቸዋል።