ከመራዊ እስከ ኮሶበር፦ ወንዴና ሴቴ አበባ በየመንገዱ

በጥቅምት መግቢያ ከባሕር ዳር ወደ ኮሶበር ስንጓዝ በየአጥሩ ሥር እየቆምን አበባ እያገላበጥን አየን። መራዊ ዙሪያ ጥርሱ የተራራቀ የበቆሎ ራስ አጋጠመን። የበቆሎ ወንዴ አበባ አናቱ ላይ፣ ሴቴዋ ወገቡ ላይ ናት። እያንዳንዷ የፀጉር ክር የምታመራው ወደ አንዲት ፍሬ ብቻ ስለሆነ፣ ብናኝ (የወንዴው አበባ ዱቄት) ያልደረሳት ክር ቦታዋን ባዶ ታስቀራለች። ዝናብ ሲያጥር ፀጉሩ ይዘገያል፤ ብናኙ ግን ሳይጠብቀው ያልቃል።

አንድ ጓሮ ስንገባ ባለቤቲቱ ዱባቸውን አሳዩን። «አበባው ይረግፋል እንጂ አንድም አልያዘልኝ» አሉን። አበባውን ከግርጌው ማየት ነው፦ ባዶ ቀጭን ዘንግ ላይ ከቆመ ወንዴ፣ ከሥሩ ትንሽዬ ዱባ ካለችው ሴቴ ናት። ወንዴዎቹ ቀድመው ስለሚያብቡ የመጀመሪያዎቹ መርገፍ አያሳስብም። ሴቴዎቹ መጥተው ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ከወደቀች ግን ብናኝ አልደረሳትም፤ ንብ ጠፍቷል ወይም ዝናብ ብናኙን አጥቦታል። ያኔ በእጅ ማዳቀል ነው። ነገ የምትፈነዳውን ሴቴ እንቡጥና ወንዴዎቹን ማታ ጫፋቸውን በክር ማሰር፤ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት የወንዴውን ቢጫ ቅጠል ገንጥሎ መሀሉ ያለውን ዱቄታም ዘንግ በሴቴዋ መሀል ባሉት አንጓዎች ሁሉ ላይ ማሸት። አንዱ ጎን ከተዘለለ ዱባዋ ተጣማ ታድጋለች። ለአንዲት ሴቴ ሁለት ወንዴ ቢሆን ይመረጣል። እኩለ ቀን ሳይደርስ አበባዋ ትከደናለች፤ የረፈደበት ሰው በከንቱ ይደክማል።

ከዱርቤቴ ወዲያ ሜዳው ኑግ ነው። እጅግ ያስደነቀን እሱ ነው፤ አንዱ ቢጫ አበባ በማጉያ መነጽር ሲታይ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። ዳር ያሉት 8 ገደማ ሰፋፊዎቹ ሴቴ ብቻ ናቸው፤ መሀል የታጨቁት ጥቃቅኖች ወንዴም ሴቴም አላቸው። የሴቴዋ ዘንግ በወንዴው ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ስትወጣ ብናኙን ገፍታ ታወጣዋለች፤ ከዚያ ጫፏ ለሁለት ይከፈላል። ሆኖም ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ተክል ንብ ልታመጣለት ይገባል። በአበባ ወቅት ቀን ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ የራሱን ፍሬ ይቀንሳል፤ ቀፎ ያለው ጎረቤትም ይጎዳል።

ኮሶበር አካባቢ ኮሶው ማበብ ጀምሯል። እዚህ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ራሱ የተለያየ ነው፦ ቀላ ያለ ዘለላ የሚያንዠረግገው ሴቴ፣ ፈዘዝ ያለው ወንዴ። ለችግኝ ዘር የሚለቀመው ከቀዩ ነው፤ ፍሬ አይሰጥም ተብሎ ወንዴው ከተቆረጠ ግን በቅርብ ሌላ ወንዴ ከሌለ የቀዩም ዘር ባዶ ይሆናል።