ማሽኑ ያረመው ወረቀት

የምሠራው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን ለዓመቱ ማጠቃለያ ወጥ ፈተና የማዘጋጀቱ ሥራ የኔ ነው። ወጥ ፈተና ስል ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት መመሪያ፣ በእኩል ደቂቃ የሚሠራውን፣ መልሱንም በማሽን በሚታረም ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚያጠቁርበትን ማለቴ ነው።

የሞዴል ፈተናው ውጤት የመጣ ዕለት አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በሒሳብ ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ወጥቷል። ይሄ ልጅ እኮ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ጥያቄ ሲከብዳቸው ዞረው የሚያዩት እሱን ነው። ክፍልፋይ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ፣ አንዳንዴ ከኔ በተሻለ ይገባቸዋል። በስብሰባው ላይ ግን ውጤቱ ታየና ስሙ ማጠናከሪያ ቡድን ከሚገቡት ልጆች ጋር ተጻፈ። ማጠናከሪያ መግባት ማለት ከሥዕልና ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ፣ በዚያ ሰዓት የሒሳብ መልመጃ ሲሠሩ መዋል ነው። ለሚያስፈልገው ልጅ ጥሩ ነው። ለማያስፈልገው ግን ቅጣት ነው፣ ልጆች ደግሞ ቅጣትን ወዲያው ያውቃሉ።

«ከመወሰናችን በፊት ወረቀቱን ልየው» አልኩ።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ «በማሽን የታረመ ነው እኮ፣ ምን ልታገኚበት ነው?» አሉኝ።

«የጥያቄውን ወረቀትም አብረው ይስጡኝ» አልኳቸው። ሰጡኝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። በጥያቄው ወረቀት ዳር ላይ ልጁ ሥራውን አንድ በአንድ ሠርቷል፣ ማባዛቱ በደንብ ተሰልፏል፣ የመረጠውንም ፊደል አክብቦበታል። እስከ 11 ድረስ ሁሉም ልክ ነው። 12ኛው ጥያቄ ላይ ምንም አልሠራም፣ አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ብቻ ስሏል። መልስ መስጫው ላይ ግን የ12 መስመር ጠቁሯል። የጠቆረው የ13ኛው ጥያቄ መልስ ነበር። የ14ቱ በ13 ላይ፣ የ15ቱ በ14 ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው አንድ መስመር ወደ ላይ ተንሸራቷል። የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው።

አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ምንም ሳያነብ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል። መስመር የተንሸራተተበት ልጅም፣ ሒሳቡን የቱንም ያህል ቢችለው፣ ከዚያች ቦታ ጀምሮ የሚያገኘው እዚያው አካባቢ ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተነገረውን ነው ያረመው።

ልጁን አስጠራሁት። ያገኘሁትን አልነገርኩትም። «እስቲ 12ኛውን እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» አልኩት።

«እሱን ዘልዬዋለሁ ቲቸር። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።»

«ከዚያ ቀጥሎ የሠራኸውን የት ነው ያጠቆርከው?»

ጣቱን መልስ መስጫው ላይ አሳረፈና ቁጥሩን አየ። ከዚያ የጥያቄውን ወረቀት አየ። እንደገና መልስ መስጫውን አየ። ጣቱ ከ12 ወደ 13፣ ከ13 ወደ 12 ሲመላለስ ቆየና ድንገት ቀና ብሎ «ስለዚህ ሒሳብ እችላለሁ ማለት ነው?» አለኝ።

ይህችን ጥያቄ ለሚሰማኝ አስተማሪ ሁሉ ነው የምነግረው። ውጤቱ በተነገረውና እኔ ባስጠራሁት መካከል ባለው ጊዜ ልጁ ሒሳብ እንደማይችል አምኖ ጨርሶ ነበር።

መዝለሉ ትክክል ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ሰዓት ከማቃጠል የሚችሉትን ሠርቶ መመለስ ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ዘጠኝና አሥር ዓመት ለሆነ ልጅ ሁለት ወረቀት መካከል መመላለስ ራሱ ሥራ መሆኑ ነው። የጥያቄውን ቁጥር፣ የመረጠውን ፊደልና የሚያጠቁርበትን መስመር በአንድ ጊዜ በአእምሮው መያዝ አለበት፣ ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። ብዙ ወጥ ፈተናዎች የታችኛው ክፍል ልጆች መልሳቸውን እዚያው ጥያቄው ወረቀት ላይ እንዲያመለክቱ የሚያደርጉት አንድም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጁን ያለማመድነው ሒሳብ ሳይሆን ወረቀቱን ነው። የዘለለውን ጥያቄ ቁጥር ያከብባል። ከማጥቆሩ በፊት በከንፈሩ ብቻ «አሥራ ሦስት፣ ሐ» ይላል። ገጽ ሲያልቅ ቆም ብሎ ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ያያል። መልስ ሲቀይር ደግሞ የድሮውን በላጲስ አጥርቶ ያጠፋል፣ ምክንያቱም በግማሽ የጠፋ ጥቁረት ለማሽኑ ሁለት መልስ የተሰጠ ሊመስለው ይችላል። (ልጆችን «መጀመሪያ የመጣላችሁን አትቀይሩ» ማለት የለመደ ሰው ይህን ምክር ቢተወው እመኛለሁ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው፣ የተቀየረ መልስ ከትክክል ወደ ስህተት ከሚሄድ ይልቅ ከስህተት ወደ ትክክል የሚሄድበት ጊዜ ይበልጣል።)

ከዚያ በኋላ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ «ይሄን ለምን መረጥሽው?» ወይም «ለምን መረጥከው?» ይቺ ጥያቄ ልክ ለሆነውም ላልሆነውም መልስ እኩል መቅረብ አለባት። ለስህተቱ ብቻ ከተጠየቀ ልጁ ወዲያው ያውቅና መልሱን መቀየር ይጀምራል፣ ያሰበውን አይነግርም።

አንዲት ልጅ «ከሚከተሉት ውስጥ የማይሆነው የትኛው ነው?» የሚሉትን በሙሉ ስታለች። የሚሆነውን ነበር የምትመርጠው። ጥያቄውን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ስጠይቃት ራሷ «ውይ፣ የማይሆነው ነው የሚለው!» አለች። ንባቧ ፈጣን ነው፣ ዓይኗ ግን «የማይ» የምትለዋን ይዘላታል። እሷ የሚያስፈልጋት ከእንደዚህ ያለ ቃል ሥር መስመር ማስመር ነው።

ሌላዋ ልጅ ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል ሲባል 1/4 አለች። ለምን? «4 ከ3 ስለሚበልጥ።» ይህ ምርጫ እዚያ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚሠራው ልጆች በብዛት ከሚሳሳቱት ስህተት ተነስቶ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፣ የሚሰማው ካገኘ።

ሦስቱም ልጆች ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ሦስቱም በዚያ ስም ዝርዝር ላይ ነበሩ። አንዱ ወረቀት ነው የተምታታበት፣ አንዷ የጥያቄ አነባበብ፣ አንዷ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ። ለሦስቱም አንድ ክምር መልመጃ ብንሰጣቸው ኖሮ የሚጠቀመው ማን ነው? ሦስተኛዋም ብትሆን የተሳሳተውን መንገድ እየደጋገመች ማጠናከር እንጂ ሌላ አታተርፍም ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ምክትሏ ሄድኩና ወረቀቶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። የልጁን መስመር በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ እስከ ታች ድረስ ራሳቸው አዩት። ብዙ አልተናገሩም። ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዙትና «የሌሎቹስ ታይቷል?» አሉኝ። አሁን ደንብ ሆኗል፦ አንድ ልጅ በሞዴል ውጤት ብቻ ወደ ማጠናከሪያ አይገባም፣ መጀመሪያ ጥያቄው ወረቀትና መልስ መስጫው ጎን ለጎን ይታያል፣ ልጁም ይጠየቃል። ጊዜ ይወስዳል። አስተማሪዎች አጉረምርመዋል፣ እውነታቸውን ነው፣ ሥራ በዝቶባቸዋል። ግን የቡድኑ ቁጥር ሲቀንስ የቀሩትን ልጆች በደንብ ማስተማር ተቻለ።

የልጁ እናትም መጥታ ነበር። በእጇ የያዘችው ባለፈው ዓመት የተሰጠውን የውጤት ወረቀት ነው። «60 ነው ያመጣው፣ ያኔም እንዲህ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 60ኛ ፐርሰንታይል ነው። ከመቶ 60 አገኘ ማለት አይደለም፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት የክፍል እኩዮቹ መካከል ከመቶው 60 ከሚሆኑት በልጧል ማለት ነው። ይህን ሳስረዳት ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ስትለኝ፣ ፈተናው ዋዜማ ላይ መልመጃ አታሠሪው፣ በጊዜ አስተኚው አልኳት። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ደብተሩን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ደብተሩን ዘግቶ አጠር አጠር ያለ ጥያቄ መመለስ ይሻለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ይህንኑ አሳይተዋል፤ የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሆኑም፣ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ ብዙ አስታውሰዋል።

ልጁ ከሥዕል ክፍለ ጊዜው አልቀረም። ክፍልፋይ የተምታታባት ልጅ ማጠናከሪያ ቡድን ውስጥ ናት፣ መግባቷም ተገቢ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት የወረቀት ቁራጮች ሰጥቻት አንዱን ሦስት ቦታ፣ ሌላውን አራት ቦታ አጥፋ ቀደደቻቸው። ከየቁራጩ አንዳንድ ወስዳ ሁለቱን ደራርባ ለካቻቸው። «እንዴ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለው ይበልጣል» አለች። ቀጣዩ ሥራችን 2/3 እና 3/4 ነው።