እግሯን ብቻ ማየት ተውኩ

ትናንት መናገሻ ሱባ ጫካ፣ ጽድ ሥር ቆሜ ቺፍቻፍ የምትባል ትንሽ ወፍ መጽሐፍ ሳልገልጥ ለየሁ። ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነው፤ እኔን ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ወፍ ማየት ስጀምር እንደ ቱራኮና ጭልፊት ያሉ ጎላ ያሉ ወፎችን ነበር የማሳድደው። እሱ ቶሎ ያልፋል። ከዚያ ቅጠል ለቅጠል እየዘለለች ትልና ተባይ የምትለቅም፣ 10 ግራም እንኳ የማትሞላ፣ ዋርብለር የሚሏት ወፍ መጣችና ትዕቢቴን አበረደችው። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የምትኖረው ቡናማዋ ዋርብለር ብዙም አላስቸገረችኝም፤ ጀርባዋ ቡኒ፣ የክንፏና የጭራዋ ጠርዝ አረንጓዴ ነው። ፈተናው ከሌላ አገር የሚመጡት እንግዶቹ ናቸው፦ ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር።

ሁሉም የሚመክረው አንድ ነው፤ «እግሯን እይ፤ ጥቁር ከሆነ ቺፍቻፍ፣ ፈዛዛ ከሆነ ዊሎው።» ውሸት አይደለም። ግን የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጥቁሩም ይፈዛል። በዚህ የተነሳ የአንድ ወቅት ማስታወሻዬን በዊሎው ሞላሁት፤ በኋላ ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ብዙዎቹ ቺፍቻፍ ሆነው ቁጭ አሉ። ማስታወሻውን እስካሁን አላረምኩትም።

በድምፅ ለዩ የምትሉም አላችሁ። ጊልበርት ኋይት የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለያቸው በዜማቸው ነው፤ እሱ ግን የሚሰማቸው ጫጩት በሚፈለፍሉበት አገር ነበር። እኔ እዚህ የሚደርሰኝ በአብዛኛው አጭር ጥሪ ነው፤ የቺፍቻፍ ባንድ ትንፋሽ «ዊት»፣ የዊሎው ለሁለት የተከፈለ «ሁ-ኢት»። በስልክ አፕ የሚለየውን ሰው አልነቅፍም። ኧረ እነቅፋለሁ፤ ጆሮ ያሰንፋል።

እኔን ያወጣኝ ጭራዋ ነው። ቺፍቻፍ ስትለቅም ጭራዋን ወደ ታች ደጋግማ ትነቀንቃለች፤ ዊሎው ያን ያህል አታበዛውም። እግሩ ጥላ ውስጥ ቢሆንም ይህ ከሩቅ ይታያል። ጭራው ካላሳመነኝ ወደ ክንፉ እሄዳለሁ። ዊሎው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የምትበር መንገደኛ ናትና ክንፏን ስታጥፍ ከሌሎቹ የክንፍ ላባዎች አልፈው የሚወጡት የጫፍ ላባዎች ረዘም ይላሉ፤ የቺፍቻፍ አጠር ያሉ ናቸው። ይህን ለማየት ግን ወፏ መቆም አለባት። አትቆምም። ስለዚህ ደብዛዛም ቢሆን ፎቶ አንሱ።

በቀን 40 ዓይነት ወፍ ከመቁጠር አንዷን 20 ደቂቃ መከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ትናንት ግን ያቺኑ ቺፍቻፍ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልከተላት ቱራኮ ጮኸና ትቻት ሮጥኩ።