ለታማሚ የገዛሁት ሜሎን

ጃፓን ውስጥ የታመመ ሰው ሲጠየቅ ሜሎን የሚባለውን የሐብሐብ ዘመድ ፍሬ ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ማንም ይነግራችኋል። መጠቅለያው ላይ ያለው ክር እንዴት መቋጠር እንዳለበት ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። አምና የደረሰብኝን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች ነው።

ማስተርሴን ለመማር ቶኪዮ አጠገብ ከመጣሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኝ ነበር። አማካሪዬ፣ ሁላችንም ሴንሴ የምንላቸው ፕሮፌሰር፣ ኦፕራሲዮን ሆነው ሆስፒታል ተኙ። የመጀመሪያው ብርድ ሲጠናብኝ ማሞቂያ ከቤታቸው ተሸክመው ያመጡልኝ ሰው ናቸው። አገር ቤት ቢሆን ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ከተፍ እል ነበር። እዚህ ግን ደንቡን ማወቅ ፈለግኩ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያደለንን መመሪያ ገለጥኩ። «ስጦታ ስትሰጡ ጥሩ ነገር ከትልቅ መደብር ግዙ፤ አጠቃለሉን ለሱቁ ተዉት፣ እነሱ ያውቃሉ» ይላል። አመንኩት።

ሐምሌ መጀመሪያ ነበር። የመደብሩ ምድር ቤት ወረድኩ። ፍራፍሬው እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ሺዙኦካ ከሚባል ግዛት የመጣ፣ ክራውን የተባለ የሜሎን ዓይነት መረጥኩ፣ አንድ ፍሬ፣ ከነታክሱ 12,960 የን። ለተማሪ ብዙ ገንዘብ ነው። አልሳሳሁለትም።

ሻጯ በትሕትና የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ከጥያቄው ውስጥ የያዝኳት አንድ ቃል «ኦቹጌን» የምትለዋን ነው። በዚያ ሰሞን ቃሏ በየግድግዳው ተለጥፋለች። «ስጦታ» ማለት መሰለኝ። «ሃይ» አልኩ፤ አዎ ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ በብሩሽ የተጻፈበት፣ ቀይና ነጭ ክር እንደ ጫማ ማሰሪያ የተቋጠረበት ወረቀት ተደረገልኝ። በጣም ያምራል። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም ነበር። «ምን ይላል?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሆስፒታል ስደርስ የሴንሴ ባለቤት በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ሳጥኑን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ። ለአፍታ ዝም አሉ። ደጋግመው አመሰገኑኝ፣ ሳጥኑንም ጽሑፉ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አድርገው መስኮቱ ሥር አኖሩት። ሴንሴ ከስተዋል። ስለ ጥናቴ ጠየቁኝ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ወጣሁ።

አብሮኝ የመጣው የላብራቶሪ ጓደኛዬ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። ሊነግረኝ አፍሮ ነበር። ኦቹጌን ማለት በዓመቱ አጋማሽ ላይ ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለውለታ ባለቤት የሚላክ የምስጋና ስጦታ ነው። ያ ይሁን። ክፋቱ ቋጠሮው ነው። እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚታሰረው ቋጠሮ በቀላሉ ይፈታል፣ ተመልሶም ይታሰራል። ስለዚህ ደጋግሞ ቢመጣ ለሚወደድ ነገር ነው፤ ልጅ ሲወለድ ወይም ለዓመታዊ ምስጋና። ለበሽታና ለሠርግ ግን አንዴ ከታሰረ የማይፈታው ቋጠሮ ነው የሚደረገው፤ አንድ ጊዜ ሆኖ አይደገም ለማለት። ጥጉ ላይ ያለችው ኖሺ የምትባል ጌጥም ለታማሚ አትደረግም። ስሟ «ማስረዘም» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚያያዝ ሕመሙ ይራዘም የሚል ስሜት ይሰጣል።

እንግዲህ እኔ ኦፕራሲዮን ሆኖ ለተኛ ሰው «ይደገምዎ፣ ይርዘምብዎ» የሚል ወረቀት በሁለት እጄ አቅርቤ ወጣሁ። እግዜር ይማርዎ ልል ሄጄ። ባቡር ውስጥ ለመቀመጥ እንኳ አልቻልኩም፣ ቆሜ ነው የሄድኩት። ሌሊቱን ሙሉ የባለቤታቸው ዝምታ ነበር ፊቴ ላይ የሚመጣው።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። መመሪያው ይስተካከል ብዬ አስረዳሁ። የተሰጠኝ መልስ፦ ስለ ቋጠሮ የሚያወራው ክፍል በጃፓንኛው እትም ላይ አለ። የጃፓንኛውን ማንበብ ብችል የእንግሊዝኛውን ለምን እይዛለሁ? «ለማንኛውም አይጨነቁ፣ የውጭ አገር ሰው ይቅር ይባላል» ተባልኩ። ይቅርታ ፈልጌ አልነበረም የሄድኩት። የሚቀጥለው ልጅ እንዲነገረው ነው። እስከማውቀው ድረስ ገጹ ዛሬም አልተጨመረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳላውቅ ላልፈው አልፈለግኩም። አንድ ፍሬ ለምን ይህን ያህል ይከፈልበታል? ክራውን ሜሎን ወደሚመረትበት ወደ ፉኩሮይ ሄድኩ። እዚያ አንድ ግንድ የሚያሳድገው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ይቆረጡና ጣፋጩ ሁሉ ለአንዱ ይተዋል። አበባው በእጅ ይዳቀላል። ክረምት ከበጋ በመስታወት ቤት ውስጥ ሙቀቱ ተጠብቆ፣ ውሃው ተመጥኖ ነው የሚያድገው። ላዩ ላይ የምናየው መረብ ቁስል መሆኑን ያወቅኩትም እዚያ ነው። ውስጡ ከቆዳው ፈጥኖ ሲያድግ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሲድን ጠባሳው መረብ ይሆናል። በመጨረሻ ፉጂ፣ ያማ፣ ሺሮ፣ ዩኪ ተብሎ በደረጃ ይለያል። የላይኛውን ደረጃ፣ ፉጂን፣ የሚያገኘው በጣም ጥቂት ፍሬ ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። ኢሺካዋ በሚባል ግዛት የሚበቅለው፣ «ሩቢ ሮማን» የተባለው ወይን እያንዳንዷ ፍሬ ቢያንስ 20 ግራም ካልመዘነች፣ የስኳር መጠኗ 18 በመቶ ካልደረሰ በስሙ አይሸጥም። እኛ በዱላ የምናወርደው ማንጎ ሚያዛኪ ላይ በመረብ ተንጠልጥሎ በስሎ በራሱ እስኪወድቅ ይጠበቃል።

ልፋቱ ግን ዋጋውን ሁሉ አይገልጸውም። ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ፍሬ የሚገዙት በአብዛኛው ለራሳቸው ሊበሉት ሳይሆን ለሰው ሊሰጡት ነው። ስጦታ እንከን ሊኖረው አይገባም። ተበልቶ ያልቃል፣ የሰው ቤት አያጣብብም። ዋጋውን ደግሞ ተቀባዩ ያውቀዋል። በየዜናው የምትሰሙት የጨረታ ዋጋ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የዩባሪ ከተማ ሜሎኖች ሳፖሮ ላይ 5 ሚሊዮን የን ተሸጡ። ያ የወቅቱ መጀመሪያ ጨረታ ነው፤ እንዲህ የሚከፍለው ነጋዴ ስሙ በየቴሌቪዥኑ እንዲነሳለት ነው። በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጥንድ 120,000 የን ነው ያወጣው። ዩባሪ በ2007 በዕዳ የወደቀች የድሮ የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ሜሎኗ ከስም በላይ ነው ለእሷ።

ዋጋውን ተቀባዩ ያውቀዋል ያልኩት በራሴ ስላየሁት ነው። ሴንሴ ድነው ከወጡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በፖስታ ሳጥን መጣልኝ። የልብስ ሳሙና ነው፣ በሚያምር ወረቀት። ታማሚ ሲድን ለጠያቂዎቹ ካመጡት ግማሽ ወይም ሲሶ የሚያህል ይመልሳል። ሳሙና የሚመረጠው ተጠቅመውበት ስለሚያልቅ ነው፣ በሽታውም እንዲያልቅ። ዋጋውን ፈልጌ አየሁት፤ 6,000 የን ገደማ ነው። ማለትም በውድ ሜሎኔ አንድ ታማሚ ሽማግሌ ላይ የ6,000 የን ዕዳ ጭኛለሁ። ከቋጠሮው ይልቅ ይህ ነው የበለጠ ያሳዘነኝ።

ስለዚህ መመሪያው «ጥሩ ነገር ግዙ» ቢልም እኔ አትግዙ እላለሁ። ተማሪ ከሆናችሁ ለታማሚ ከ3,000 እስከ 5,000 የን ይበቃል፣ ከጓደኛ ጋር ተዋጥታችሁ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ሱቅ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከመናገራችሁ በፊት «ኦሚማይ» በሉ፤ የታማሚ መጠየቂያ ማለት ነው። ያልገባችሁን ጥያቄ «ሃይ» አትበሉ። በማሰሮ የተተከለ አበባ አትውሰዱ፤ ሥር ሰዶ ይተኛ ማለት ይሆናል። ታማሚው ምግብ ተከልክሎ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለራሳችሁ ሜሎን ካማራችሁ «ዋኬአሪ» የተባለውን ፈልጉ፤ ጭረት ወይም ጠማማነት ስላለው ብቻ የረከሰ ነው። እኔ ፉኩሮይ ላይ ከዝቅተኛው ደረጃ ቀምሼ ነበር፣ ከላይኛው ጋር ልዩነቱን ምላሴ አልለየውም። ሳጥኑ ውስጥ የሚበላበት ቀን የተጻፈበት ካርድ አለ፤ እስከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት።

ዘንድሮ ሐምሌ ለሴንሴ ቤት መካከለኛ ደረጃ ሜሎን ላክሁ። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፤ ኦቹጌን፣ የሚፈታው ቋጠሮ፣ ኖሺም አለበት። ባለቤታቸው ደውለው አመሰገኑኝ፣ ካርዱ ላይ ባለው ቀን እንደሚቆርጡት ነገሩኝ። ስላምናው ሜሎን ግን አላነሱም። በልተውት እንደሆነም አልጠየቅኳቸውም።