ከ96 ቀጥሎ 113

ዛሬ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አሮጌ መጽሐፍ ከዘረጋ ሰውዬ ዘንድ አንድ ልጅ «ኦሮማይ»ን አንስቶ ገጽ በገጽ መቁጠር ያዘ።

«አቦ! ብር ነው እንዴ የምትቆጥረው?» አለው ሻጩ።

ልጁ ግን ልክ ነበር። ከ96 ቀጥሎ 113 ብቅ አለ።

መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው በ16 በ16 ገጽ ነው። እጥፋቶቹ ተደርድረው ይሰፋሉ ወይም በሙጫ ይያያዛሉ። ክሩ ሲበጠስ 16ቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ሙጫ ብቻ የያዘው ደግሞ የድሬን ሙቀት አይችልም፤ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ጀርባው ሲሰነጠቅ ቅጠል በቅጠል ይረግፋል። ሽፋኑን ተዉት፤ መሀሉን ከፍታችሁ ክር ፈልጉ።

«ኦሮማይ» ደግሞ 16 ገጽ ዘለው የሚያነቡት አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ ልብወለድ ጋዜጠኛውን ፀጋዬን ይዞ አስመራ ላይ ይሮጣል፤ ትንሽ ካመለጣችሁ ማን ማንን እንደሚሰልል ይጠፋችኋል። (ፍቅረኛውን ፊያሜታን በተመለከተ፣ ለእኔ ከሴትነቷ ይልቅ ከተማነቷ ይጎላል። ውረዱብኝ።) «ፍቅር እስከ መቃብር» ቀስ ይላል፤ በዛብህ ሰብለን እስኪያገኝ የወላጆቹ ታሪክ ይረዝማል። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይሰለቻል። ግን ወላጆቹ የተሳሉትን ስለት የዘለለ አንባቢ የበዛብህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አይገባውም።

ልጁ መጽሐፉን ሊመልስ ሲል ሻጩ ዱካውን ገፋለት። «ግማሽ ዋጋ ውሰደው። የጎደለውን ቁጭ በል፣ እኔ ልንገርህ።»

ተቀመጠ።