ሹራብ ስር የሚደበቀው ብሬስ

የእህቴ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። እናቷ «ግትር ሆናብኝ ነው» ትላለች፣ እኔ ግን አይመስለኝም። አከርካሪዋ ወደ ጎን ስለተጣመመ፣ ስኮሊዮሲስ የሚሉት ነው፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሬስ ተሠርቶላታል። ቤት ውስጥ ምንም ሳትል ታስረዋለች። ጣጣው ትምህርት ቤት ነው፣ እዚያ መልበስ አትፈልግም።

ማታ ዩኒፎርሟን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ አየኋት። የፕላስቲኩ ጠርዝ ጀርባዋ ላይ ሸሚዙን ገፍቶ ጉብ ብሏል። ቁጭ ስትል ወደ ላይ ይወጣና ብብቷን ይገፋታል፣ ዴስክ ሲነካ ደግሞ ቋ ይላል። «አክስቴ፣ ሁሉም እኮ ዞረው ነው የሚያዩኝ» አለችኝ። «መልክ ምን ያደርግልሻል፣ ጤናሽ ይበልጣል» የሚላት ሰው በ13 ዓመት መታየት ምን እንደሆነ ረስቷል።

ጤናዋማ ይበልጣል። ግን ብሬስ የሚሠራው ሲለበስ ነው፤ የተጣመመውን ለማቅናት ሳይሆን እድገቷ እስኪያበቃ እንዳይብስ ለመያዝ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ልጆቹ በቀን ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲለብሱ ተነግሯቸው ነበር። በአማካይ ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከለበሱት ከ10 ልጆች 9ኙ ያህል ቀዶ ጥገና ወደሚያሰጋ ደረጃ አልደረሱም። ሰዓቱን የመዘገበው ደግሞ ብሬሱ ውስጥ የገባ የሙቀት መለኪያ ነው። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ሰዓት ሲቀነስ ምን ይተርፋታል?

ድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የመጣው ሚልዋኪ የሚባለው ብሬስ አንገት ላይ ቀለበት ስለነበረው ምንም ቢለብሱ አይደበቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦስተን የሚባለው ብሬስ መጣና ከብብት በታች ቀረ፣ ልብስ ሸፈነው። ታዲያ እኛ መልኩን እንደ ቅንጦት የምናየው ለምንድን ነው?

የደሴ ብርድ እንኳን ረድቷታል፣ ሰፊ ሹራብ ብትደርብ ማንም ልብ አይላትም። ኮምቦልቻ አያቷ ጋ ስንወርድ ነው የሚብሰው፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲላት ፈታ ትጥለዋለች።

«አብሽሪ» ብዬ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኳት። ሸሚዙ ከጀርባው ሰፋ ብሎ ይሰፋላታል፣ ከስር የምታደርገው ስስ የጥጥ ካናቴራም ገዛን። ስታድግ ይሄኛው ይጠባትና ሌላ መሠራቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቀለሙን ራሷ ትምረጥ ብያለሁ። እህቴ ገና እሺ አላለችም።