ማክሰኞ ማክሰኞ ፍሪጁን ቆጥራችሁ ላኩልኝ

ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ስቶክ የምይዘው እኔ ነኝ። በስራችን አምስት ጤና ኬላዎች አሉ፣ አንዱ ጋ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፣ ክረምት ከገባማ ሞተሩም ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ድሮ ማን ጋ ስንት ቫይል (የክትባት ብልቃጥ) እንዳለ የምናውቀው ወር ሲያልቅ ሪፖርት ይዘው ሲመጡ ነበር፣ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይልኩልኛል፣ ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም ሲጠፋ በሜሴጅ። ማክሰኞ ያደረግነው እኛ ጋ ገበያው ሐሙስ ስለሆነ ነው፣ እናቶች ለገበያ ሲወጡ ልጆቻቸውን ይዘው ጎራ ይላሉ፣ ስለዚ የጎደለው ረቡዕ መድረስ አለበት።

ስልኩ ስራችንን ቀይሮታል። ግን ሐምሌ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን በጠዋት ደወለች። «ጋሼ፣ የኩፍኝ ቫይል ሦስት አለኝ፣ መበጥበጫው ፈሳሽ ግን አንድም የለም፣ ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ ይዛ የመጣች እናት አለች፣ ምን ልበላት?» ቴሌግራሙን ከፍቼ አየሁ፣ ማክሰኞ «ኩፍኝ 3» ብላ ልካለች፣ ሦስት ቫይል 30 ዶዝ ነው፣ ለ30 ልጅ ማለት፣ ይበቃታል ብዬ አልፌዋለሁ። የኩፍኝ ክትባት እኮ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ከራሱ መበጥበጫ ጋር ካልተቀላቀለ አይሰጥም፣ የቢሲጂውን (የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱን) መበጥበጫ አንስተህ አትጠቀምም፣ ሌላ ውሃማ ጭራሽ አይታሰብም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን ግን ፎርማችን ላይ መበጥበጫ የሚል መስመር አልነበረም፣ እሷ የተጠየቀችውን ነው የላከችው። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው።

ግሩፑ ላይ «የኩፍኝ መበጥበጫ ትርፍ ያለው?» ብዬ ጻፍኩ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ አምስት አለኝ አለች፣ ሞተር ለምኜ ሄድኩ። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ የኬላው ልጆች ቡና አፍልተውላት እናትየዋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ልጇ የክትባት ካርዱን ጫፍ እያኘከ ነው፣ ካርዱ ረጥቦ ቀኑ ሊጠፋ ደርሷል። እስክደርስ ደግሞ ባለሙያዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ ስልክ የያዙ ጎረቤቶች ጋ ደውላ ቀናቸው የደረሰ አራት ልጆች አስጠርታለች። አንድ ቫይል ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል፣ በዚ ምክንያት ለአንድ ልጅ ቫይል መክፈት የሚፈሩ አሉ፣ «ሐሙስ ነይ» ብለው ይመልሷታል። እባካችሁ አትመልሱ፣ አንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ጭቃ አቡክታ መጥታ ባዶዋን ብትመለስ በ15 ወሩ ለሁለተኛው ዶዝ ትመጣለች ብዬ እኔ አላምንም።

ከዛ ወዲህ ከእያንዳንዱ ደረቅ ክትባት ስር የመበጥበጫ መስመር ገብቷል፣ ከፍሪጁ ቴርሞሜትር ፎቶ ጋር ይላካል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መሆኑን አያለሁ። ሰው ሙቀቱን ነው የሚፈራው፣ ቅዝቃዜውም ይገድላል እኮ፣ ፔንታና ፒሲቪ የሚባሉት የሕፃናት ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃ። ቫይሉ ላይ ያለችው የሙቀት ምልክትም ፎቶ ትነሳ፣ ውስጧ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ ከነጣ ይሰጣል፣ እኩል ከሆነ ወይ ከጠቆረ አይሰጥም። ድሮ በስልክ «ጠቁሯል አልጠቆረም» እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ነበር፣ አሁን ፎቶው ይፈርዳል።

የሚያናድደኝ የስልክ ካርዱ ነገር ነው። አምስቱም ከኪሳቸው ነው የሚሞሉት፣ ደሞዛቸውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ታንዛኒያ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ የወባ መድሃኒት ስቶክ በሜሴጅ መከታተል ሲጀምሩ በሰዓቱ ለመለሰ ሰራተኛ የስልክ ካርድ ይሞሉለት ነበር፣ 129 ጤና ተቋማት ላይ በ21 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይነት መድሃኒት ያለቀባቸው ከ78 ወደ 26 በመቶ ወርደዋል። ካርዱ ብቻውን አይደለም፣ የበላይ ኃላፊዎቹም መልዕክቱን አይተው መድሃኒቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውሩ ነበር። እኛ ጋ ግን ለወራት ተልኮ መልስ ያላገኘ ሪፖርት አውቃለሁ፣ ባለሙያዋ በመጨረሻ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ኮፒ አድርጋ መላክ ጀመረች፣ ማን ይፈርድባታል? ስለዚ እኔ ምንም ባይኖረኝም «ደርሶኛል፣ ረቡዕ 2 ቫይል እልካለሁ» ወይ «ስቶክ የለኝም፣ ጠይቄያለሁ» ብዬ የዛኑ ቀን እመልሳለሁ።

ይሄን ስጽፍ ማክሰኞ ነው፣ አራቱ ልከዋል፣ አምስተኛዋ ኔትወርክ ለማግኘት ከቡናው በላይ ያለው ዳገት ላይ መውጣት አለባት፣ ዝናቡም አላቆመም፣ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ቢሮ እጠብቃታለሁ።